አንድ አትሪቢዩት፣ ሦስት አጻጻፍ

በደብረ ማርቆስ ለድረ ገጽ ሠሪዎችና ለኮምፒውተር ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ በሚመች መልኩ የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ከቢቸናና ከፍኖተ ሰላም፣ ከእንጅባራም ጭምር መንገድ አቆራርጣችሁ የመጣችሁ ስላላችሁ መግቢያ አላበዛም። የዛሬው ጉዳይ የአትሪቢዩት ስም ነው፤ ድረ ገጽ በሚጻፍበት በኤችቲኤምኤል፣ በታግ ውስጥ ከእኩል ምልክቱ በስተግራ የምትቀመጠው ቃል። "ሙሉ ምሽት ስለ ስም አጻጻፍ?" የሚል ፊት ከወዲሁ እያየሁ ነው። አዎን፣ ሙሉ ምሽት።

ኮዱ ግድግዳው ላይ በላቲን ፊደል ይታያችኋል፤ እኔ ግን ስሞቹን በአፋችን እንደምንጠራቸው እጠራለሁ። በስሙ መካከል ትልቅ ፊደል የሚገባበት ቦታ ሲኖር ለይቼ እናገራለሁ፤ ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያች ትልቅ ፊደል ላይ ነውና።

እንበልና ለአንድ የጤፍ አምራቾች ማኅበር የመሸጫ ቅጽ እየሠራችሁ ነው። ገዢው የጤፉን ዓይነት ይመርጣል፣ የኩንታሉን ብዛት ይሞላል፣ ዋጋው በራሱ ይመጣል። የዋጋው ሳጥን እንዳይነካ መቆለፍ አለበት። ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ሪድኦንሊ ብላችሁ ብትጽፉ ይቆለፋል። እናንተ ግን እንዲቆለፍ የፈለጋችሁት ገዢው ዓይነቱን ከመረጠ በኋላ ስለሆነ ሥራውን ገጹን ለሚያንቀሳቅሰው ቋንቋ፣ ለጃቫስክሪፕት ሰጣችሁት፤ ሳጥን፣ ነጥብ፣ ሪድኦንሊ፣ እኩል ይሆናል፣ ትሩ (እውነት ማለት ነው)። ፊደሉ ሁሉ ትንንሽ፣ ልክ ኤችቲኤምኤሉ ላይ እንዳለው። ገጹ ተከፈተ፤ ቀይ መልእክት የለም፤ የብሮውዘሩ የመልእክት መስኮት፣ ኮንሶሉም፣ ምንም አላለም። ሳጥኑ ግን እንደ ተከፈተ ነው። ገዢው ዋጋውን ደምስሶ የወደደውን ይጽፍበታል።

ጃቫስክሪፕት የሚያውቀው ስም "ኦንሊ" የሚለው ክፍል በትልቅ ኦ የሚጀምረውን ነው። የጻፋችሁት ሌላ ስም ሆነ። ጃቫስክሪፕት ደግሞ በማያውቀው ስም ዋጋ ሲሰጡት አይቆጣም፤ ሳጥኑን በኮድ ውስጥ በሚወክለው ኦብጀክት ላይ አዲስ ፕሮፐርቲ፣ ማለትም በስም የሚጠራ ዋጋ፣ ፈጥሮ ያስቀምጥላችኋል። መልሳችሁ ብትጠይቁት "ትሩ" ይላችኋል፤ ስትፈትሹት እንኳ የሠራ ይመስላል ማለት ነው። ብሮውዘሩ ያንን ስም ከቶ ዞር ብሎ አያየውም። እግረ መንገዴን ልናገርና፣ ሳጥን መቆለፍ ለተጠቃሚው ምቾት እንጂ ለደኅንነት አይደለም። ዋጋውን ሰርቨሩ ራሱ እንደገና ካላሰላው የቱንም ያህል ብትቆልፉ ከንቱ ነው።

ማክስሌንግዝ፣ ታብኢንዴክስ፣ ኮልስፓን፣ ኮንቴንትኤዲተብል ሁሉም እንዲሁ ናቸው፤ የሁለተኛው ቃል የመጀመሪያ ፊደል በጃቫስክሪፕት ትልቅ ይሆናል። ስህተቱ ድምፅ ስለሌለው ሰው ችግሩን ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ኮዱ የሚጫንበትን ሰዓት ይጠረጥራል፣ ብሮውዘር ይቀይራል፣ ሲብስበት ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል። ታይፕስክሪፕት፣ ማለትም ስሞችን አስቀድሞ የሚፈትሸውን የጃቫስክሪፕት ዓይነት፣ የሚጠቀም ሰው ከዚህ ይድናል፤ አስተርጓሚው "እንዲህ የሚባል ፕሮፐርቲ የለም" ብሎ ገና ሳይጀመር ያስቆመዋል። እኔ ታይፕስክሪፕትን የምወድበት ምክንያት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ኤችቲኤምኤል የተቀዳው ኤስጂኤምኤል ከሚባለው የቆየ የሰነድ ምልክት ሥርዓት ነው። በዚያ የአትሪቢዩት ስም በትልቅ ፊደል ተጻፈ በትንሽ ልዩነት አልነበረውም። የዛሬዎቹ ብሮውዘሮችም የኤችቲኤምኤል ገጽ ሲያነቡ በአትሪቢዩት ስም ውስጥ ያለውን የላቲን ትልቅ ፊደል ሁሉ ወደ ትንሽ መልሰው ይይዛሉ። ጃቫስክሪፕት ግን እ.ኤ.አ. በ1995 በኔትስኬፕ በብሬንዳን አይክ እጅ ሲሠራ ትልቅና ትንሽ ፊደልን የሚለይ ሆኖ ተሠራ። የገጹን አትሪቢዩቶች ከኮድ ውስጥ በምን ስም እንጥራቸው የሚለውን ጥያቄ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የዶም ሰነድ በደንብ አሰፈረው (ዶም ኮድ ገጹን የሚያነብበትና የሚለውጥበት ሥርዓት ነው)፤ ከአንድ ቃል በላይ የሆነ ስም በቃላቱ መጋጠሚያ ላይ ትልቅ ፊደል ይግባበት ተባለ። ካሜል ኬዝ የምንለው ነው።

ጥሩ ደንብ ይመስላል። ግን አንድ ስም ስንት ቃል እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? ኤችቲኤምኤል ቃላቱን አጣብቆ ነው የሚጽፋቸው። ሪድኦንሊ ሁለት ቃል ነው ተባለና ትልቅ ኦ አገኘ። ዴትታይም ሁለት ነው ተባለና ትልቅ ቲ አገኘ። ኤችሬፍላንግ ግን ኤችሬፍና ላንግ ተጣምረው የሠሩት መሆኑ ፊት ለፊት እየታየ በጃቫስክሪፕትም ትንንሽ ሆኖ ቀረ። ሶርስሴት፣ ስፔልቼክ፣ አውቶፎከስ፣ አውቶፕሌይ በኋላ ሲመጡ እንዲሁ ትንንሽ ሆነው ገቡ፤ ፕሌይስኢንላይን ደግሞ ትልቅ አይ ይዞ ገባ። ምክንያቱን ከስሙ ልታነቡት አትችሉም። በየዘመኑ ሰነዱን የጻፉት ሰዎች ያደረጉት ምርጫ ነው።

ግስ ለቆጠራችሁ ይህ አዲስ አይደለም። ዋሸራን፣ ጎንጅን በመሰሉ የቅኔ ቤቶች አገር፣ ጎጃም ውስጥ ቆሜ ስለምናገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ተማሪው ስምንቱን የግስ አርእስት ይይዛል፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። ቀተለና ቀደሰ ብራና ላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሦስት ፊደል፣ ሦስቱም ግዕዝ። ሲረቡ ግን አንዱ ይቀትል፣ ሌላው ይቄድስ ይላል። የሚለያቸው መካከለኛው ፊደል መላላቱና መጥበቁ ነው፤ ፊደሉ ደግሞ ጥብቀትን አያሳይም። ስለዚህ አዲስ ግስ ሲመጣ ተማሪው መልኩን አይቶ አያረባም፤ የየትኛው አርእስት ሠራዊት እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል። ትንንሽ ፊደል ብቻ የያዘ የኤችቲኤምኤል ስምም የቃላት መጋጠሚያውን አያሳይም። ሶርስሴትና ሪድኦንሊን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ብታዩ የትኛው ትልቅ ፊደል እንደሚያገኝ የሚነግራችሁ ነገር የለም። መጠየቅ አለባችሁ፤ መጠየቅ ማለት እዚህ ሰንጠረዥ ማየት ነው።

ከትልቅ ፊደል ያለፈ ለውጥም አለ። ክላስና ፎር በጃቫስክሪፕትም፣ ሌላ ቋንቋ በሆነው በጃቫም ለቋንቋው ለራሱ የተያዙ ቃላት ነበሩ። ዶም ደግሞ ለአንድ ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ሰነድ አልነበረም። ስለዚህ ክላስ "ክላስኔም" ሆነ፣ ኔም በትልቅ ኤን፤ ፎር "ኤችቲኤምኤልፎር" ሆነ፣ ፎር በትልቅ ኤፍ። በሰንጠረዥ ሴል ላይ የነበረው ቻር የሚባል አትሪቢዩት ከጃቫ ቃል ጋር ስለተጋጨ "ሲኤች" ብቻ ተብሎ ተቆረጠ። የገጽ ማስዋቢያው ቋንቋ፣ የሲኤስኤስ ፍሎትም በዚሁ ምክንያት በኮድ ውስጥ "ሲኤስኤስፍሎት" ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው አምስተኛው የጃቫስክሪፕት ደረጃ የተያዙ ቃላትን በፕሮፐርቲ ስምነት መጠቀም ፈቀደ፤ ያኔ ግን ክላስኔም በዓለም ዙሪያ ባለ ኮድ ውስጥ ሥር ሰዷል።

ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ማየት የሚፈልግ ሰው ጄኩዌሪ የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚሰጥ የኮድ ስብስብ) ኮድ ይክፈት። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የ1.6 ስሪት አትሪቢዩትንና ፕሮፐርቲን ለሁለት ሲከፍል ውስጡ "ፕሮፕፊክስ" የሚባል ትንሽ ሰንጠረዥ አስቀመጠ። 12 ስም ነው ያለው፤ 10ሩ በትልቅ ፊደል ብቻ የሚለዩ፣ 2ቱ ክላስና ፎር። ያን ያህል ዝና ያለው ላይብረሪ ደንብ ልፍጠር አላለም፤ ዝርዝር ጻፈ። ለእኔ ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ የበለጠ የሚያስተምር 12 መስመር ነው።

አሁን ወደ ከበደው ልግባ። ስሙ ሲለወጥ ትርጉሙም የሚለወጥባቸው አሉ። ቫልዩ የሚባለውን እንውሰድ። በኤችቲኤምኤል የጻፋችሁት ቫልዩ የሳጥኑ መነሻ ዋጋ ነው። በጃቫስክሪፕት ያለው ቫልዩ ግን አሁን በዚህች ደቂቃ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነው። ተጠቃሚው 5 ኩንታል የሚለውን ወደ 8 ቢለውጠው ፕሮፐርቲው 8 ይላል፤ አትሪቢዩቱን ብትጠይቁት አሁንም 5 ይላችኋል። የአትሪቢዩቱ እውነተኛ አቻ "ዲፎልትቫልዩ" ነው። ቼክድ ከ"ዲፎልትቼክድ"፣ ሴሌክትድ ከ"ዲፎልትሴሌክትድ"፣ የቪዲዮው ሚዩትድ ከ"ዲፎልትሚዩትድ" ጋር እንዲሁ ናቸው። ስማቸው በሁለቱም ወገን ፊደል በፊደል አንድ ስለሆነ ማንም አይጠረጥራቸውም። እኔ ከሪድኦንሊ ይልቅ የምፈራው እነዚህን ነው።

ሦስተኛው ወገን ላይብረሪዎቹ ናቸው፤ እዚህ አገር ብዙዎቻችሁ የምትሠሩበት ሪአክት ስለሆነ በእሱ ልናገር። ሪአክት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ሲወጣ የዶምን ስሞች እከተላለሁ አለ፤ ክላስኔምና ኤችቲኤምኤልፎርም ከዚያው መጡ። ነገር ግን ዶም ትንንሽ አድርጎ የተዋቸውን በራሱ ሥልጣን ትልቅ ፊደል ሰጣቸው። ሶርስሴት በሪአክት ትልቅ ኤስ አለው፤ ስፔልቼክ ትልቅ ሲ፣ አውቶፎከስ ትልቅ ኤፍ፣ ኤችሬፍላንግ ትልቅ ኤል። የዩቲዩብ ቪዲዮ ገጻችሁ ውስጥ ስታስገቡ የምትጽፉት አላውፉልስክሪን ደግሞ የሁሉ ማሳያ ነው፤ በኤችቲኤምኤል ሁሉም ትንሽ፣ በዶም ኤፉ ብቻ ትልቅ፣ በሪአክት ኤፉም ኤሱም ትልቅ። አንድ አትሪቢዩት፣ ሦስት አጻጻፍ፤ ሦስቱም በቦታቸው ትክክል።

ለክስተት ስሞችም ልብ በሉ። ኦንክሊክ በኤችቲኤምኤልም በዶምም ትንንሽ ነው፤ በሪአክት ክሊክ በትልቅ ሲ ይጀምራል። እንግዲህ ኦን ከሚለው ቀጥሎ ትልቅ ፊደል ማስገባት ነው ብላችሁ ስትደላደሉ ኦንዲቢኤልክሊክ ይመጣል፤ እሱ በሪአክት "ኦንደብልክሊክ" ተብሎ ቃሉ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ይጻፋል። ኦንቼንጅ ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም ጠባዩ ሌላ ነው፤ በሪአክት ተጠቃሚው ፊደል በጫነ ቁጥር ይጠራል፣ ይህም የዶምን ኦንኢንፑት ይመስላል እንጂ የዶምን ኦንቼንጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 16ኛ ስሪት ወዲህ ሪአክት የማያውቀውን አትሪቢዩት ከመጣል ይልቅ ወደ ገጹ ያሳልፈዋል፤ ክላስ ብላችሁ ብትጽፉም አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይሠራል። ማስጠንቀቂያውን አንብቡት። ኮንሶሉ በማስጠንቀቂያ ተሞልቶ ዝም ብሎ የሚሠራ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

በአሪያና በዳታ የሚጀምሩት አትሪቢዩቶች (የዳታዎቹን ስም ገጽ ሠሪው ራሱ ነው የሚያወጣው) በሪአክት እንደ ኤችቲኤምኤሉ ከነሰረዛቸው ይጻፋሉ። በዶም ግን የዳታዎቹ ነገር ራሱን የቻለ ወግ አለው፤ ለእኛ ደግሞ ልዩ ቅመም አለው። ዳታ፣ ሰረዝ፣ ጤፍ፣ ሰረዝ፣ ፕራይስ ብላችሁ በላቲን ብትጽፉ ዳታሴት በሚባለው የዶም ፕሮፐርቲ በኩል ሲነበብ ሰረዙ ይጠፋና ፒው ትልቅ ይሆናል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሰረዝ ተከትሎት ከኤ እስከ ዜድ ያለ ትንሽ የላቲን ፊደል ካለ ሰረዙ ይወጣና ፊደሉ ትልቅ ይሆናል። ከሰረዙ በኋላ ቁጥር ካለ ሰረዙ ባለበት ይቆማል። ኤችቲኤምኤሉ ላይ ራሱ ትልቅ ፒ ብትጽፉ ብሮውዘሩ ሲያነበው ትንሽ ያደርገዋል፤ ከዚያ በዳታሴት በትልቅ ፒ ስትፈልጉት የለም። ይህ በየቀኑ የሚሠራ ስህተት ነው።

ቅመሙ ይኸውላችሁ። የዳታ አትሪቢዩትን ስም በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። ዳታ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ በግዕዝ ፊደል "ዋጋ"። ብሮውዘሩ ይቀበለዋል፣ ሲኤስኤስም ይመርጠዋል፣ ጃቫስክሪፕትም ዳታሴት ነጥብ ዋጋ ብሎ ያነበዋል፤ ፊደላችን በጃቫስክሪፕት የስም ፊደል ሆኖ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን "የጤፍ-ዋጋ" ብላችሁ ሁለት ቃል በሰረዝ ብታያይዙ ደንቡ አይነካውም፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ዋ እንጂ የላቲን ትንሽ ፊደል አይደለምና፤ ለዋ ደግሞ ትልቅ የሚባል የለውም። ሰረዙ ይቀራል፤ ስለዚህ በነጥብ ሳይሆን በማዕዘን ቅንፍና በጥቅስ ነው የምታነቡት። ሌላም ጣጣ አለ፤ በፀሐዩ ፀ የጻፋችሁትን በጸሎቱ ጸ ብትፈልጉ አታገኙትም። ለኮምፒውተር ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ብቻዬን በምሠራው ሥራ በፊደላችን መጻፉን እወደዋለሁ፤ ብዙ ሰው በሚነካው ኮድ ግን አልመክርም፤ የሚቀጥለው ሰው የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖረው ይችላል። ይልቅ ሁላችሁም ላንግ የሚለውን አትሪቢዩት አስተካክሉ። ገጹ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ሆኖ ላንግ ግን ከተቀዳው ናሙና የመጣ "ኢኤን"፣ ማለትም እንግሊዝኛ፣ የሚልበት ድረ ገጽ ሞልቷል፤ ለአማርኛ "ኤኤም" ነው። ለዓይነ ስውራን ገጽ የሚያነብ ፕሮግራም በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነብ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

ሥዕል በኮድ ስለሚጻፍበት ስለ ኤስቪጂ አጠር ላድርግ። ዓባይ ጎጃምን ዞሮ የሚወርድበትን ካርታ በኤስቪጂ ሣላችሁ እንበል። የሥዕሉን ክልል የሚወስነውን ቪውቦክስ ሁሉን ትንሽ አድርጋችሁ ኤችቲኤምኤል ገጹ ውስጥ ብትጽፉ ይሠራል፤ ብሮውዘሩ ኤችቲኤምኤል ሲያነብ ለኤስቪጂ የሚጠቀምበት የማስተካከያ ሰንጠረዥ ስላለው ቢውን ትልቅ ያደርግላችኋል። ያንኑ ኮድ ራሱን የቻለ የኤስቪጂ ፋይል አድርጋችሁ ብታስቀምጡት ሰንጠረዡ አይሠራም፤ ካርታው ከስክሪኑ ጋር መስፋትና መጥበቡን ያቆማል። ወደ ሪአክት ስታመጡት ደግሞ ስትሮክ፣ ሰረዝ፣ ዊድዝ የሚለው ሰረዙን ጥሎ ትልቅ ደብልዩ ያገኛል፣ ቪውቦክስ ግን ባለበት ይቆያል። ወደ ኋላ መመለስ የፈለገ ሰው እዚህ ይታሰራል፤ አንዷን ትልቅ ፊደል ወደ ሰረዝ መመለስ፣ ሌላዋን መተው አለበት። ትልቋን ፊደል ብቻ አይቶ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቅ ደንብ የለም።

እንግዲህ በርካታ ገጾችን ከኤችቲኤምኤል ወደ ሪአክት ማዞር ቢኖርባችሁ እንዴት ታደርጋላችሁ? ብዙ ሰው የሚጀምረው በኤዲተሩ ፈልጎ መተካት ነው፤ ክላስ እኩል ይሆናል የሚለውን ሁሉ ክላስኔም አድርግ። ይህ አሠራር ግን በገጹ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ምሳሌ የተጻፈውን ኮድም ይለውጣል፣ ዳታ-ክላስ የሚለውንም ያበላሻል። ትክክለኛው መንገድ ኤችቲኤምኤሉን እንደ ብሮውዘር በሚያነብ ፓርሰር ማንበብ ነው፤ ፓርስፋይቭ የሚባለው ለዚህ የታወቀ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ኤለመንት እየዞሩ ስሙን ከሰንጠረዥ መፈለግ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ ከሌለ እንዳለ መተው፣ መጨረሻ ላይ መልሶ መጻፍ። ስታይል ለብቻው ይታያል፤ በሪአክት እሱ ጽሑፍ ሳይሆን ኦብጀክት ነው።

ሰንጠረዡን ራሳችሁ ብትጽፉ ሁለት ወጥመድ ልጠቁማችሁ። አንደኛው፣ ሰንጠረዡን ተራ የጃቫስክሪፕት ኦብጀክት ብታደርጉትና የሆነ ሰው ፋይል ውስጥ "ኮንስትራክተር" የሚባል አትሪቢዩት ቢመጣ፣ እናንተ ሳታስገቡት ሰንጠረዡ "አለ" ይላችኋል፤ ከወላጁ የወረሰው ነው። ቱስትሪንግና ቫልዩኦፍም ይወረሳሉ፤ እነሱ ግን ትልቅ ፊደል ስላላቸው በትንንሽ ስትፈልጉ አይያዙም፤ ኮንስትራክተር ግን ሁሉም ትንንሽ ነው። ማፕ የሚባለውን ተጠቀሙ፤ ጉዳዩ ያልቃል። ሁለተኛው ስሙን ወደ ትንሽ ፊደል ስትመልሱ ነው። ጃቫ ወደ ትንሽ ፊደል ሲመልስ፣ ካልከለከላችሁት በቀር፣ የኮምፒውተሩን የቋንቋ ቅንብር ይከተላል። በቱርክኛ የትልቁ አይ ትንሽ አቻ ነጥብ የሌለው አይ ስለሆነ ታብኢንዴክስ ቱርክኛ በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ሌላ ስም ሆኖ ይወጣል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ዓይነት ነገር ለእኛ በሐሳብም አይመጣም፤ የምትጽፉት ፕሮግራም ግን ጎጃም ብቻ አይቀርም።

ስሙን ከየት ነው የምንፈልገው ላላችሁኝ፣ ኔትወርክ ካለ ዋናው ምንጭ የኤችቲኤምኤል ደረጃ ሰነዱ ራሱ ነው፤ መጨረሻው ላይ የአትሪቢዩቶች ማውጫ አለው፣ በየኤለመንቱ ሥር ደግሞ የዶም ስሞቹ በሳጥን ተቀምጠዋል። ኤምዲኤን የሚባለው የማጣቀሻ ድረ ገጽ ያንኑ ለማንበብ በሚመች መልክ ያቀርባል። ዴቭዶክስ የሚባለውን የሰነዶች ስብስብ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ብታስቀምጡ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ኔትወርክ ሲጠፋና ምንም ያላወረዳችሁ ስትሆኑ ግን መዝገቡ እጃችሁ ላይ ነው፤ ብሮውዘሩ። ኮንሶል ክፈቱ፣ የፈለጋችሁትን ኤለመንት ፍጠሩ፣ የፕሮፐርቲዎቹን ስም አንድ በአንድ በሚያወጣው በፎር-ኢን ትእዛዝ ዙሩና እያንዳንዱን ወደ ትንሽ ፊደል መልሳችሁ ከኤችቲኤምኤሉ ስም ጋር አስተያዩት። ሲገጥም ያተመላችሁ ትክክለኛው የዶም ስም ነው። አንድ መስመር ኮድ ነው። ክላስን፣ ፎርን፣ ሰረዝ ያላቸውን ስሞችም በዚህ አታገኙም፤ እነሱ ጥቂት ናቸው፣ በቃል ይያዛሉ። ስሙን ጠርጥራችሁ ለማረጋገጥ ብቻ ከሆነ "ኢን" በሚለው ኦፐሬተር መጠየቅ ይበቃል። ግን ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከሰጣችሁት በኋላ የፈጠራችሁት የሐሰት ስምም "አለ" ይባላል።

በመጨረሻ አንዲት እኅታችን ከኋላ የጠየቀችውን ላንሣ። "ሁለተኛውን የስም ዝርዝር ከመማር ሁልጊዜ በሴትአትሪቢዩት ብንጽፍ አይሻልም ወይ?" አለች። ሴትአትሪቢዩት ከኮድ ውስጥ አትሪቢዩት የሚጽፍ ፋንክሽን ነው፤ በእሱ በኩል የኤችቲኤምኤሉን ስም እንዳለ መጠቀም ይቻላል፤ ለኤችቲኤምኤል ኤለመንት ሲሆን ትልቅ ፊደልም ብትጽፉ ራሱ ትንሽ ያደርገዋል። ለአብዛኛው ነገር ሐሳቧ ትክክል ነው፤ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። የማይሠራው እነዚያ ቅድም የፈራኋቸው ላይ ነው። ተጠቃሚው ሳጥኑን አንዴ ከነካው በኋላ ቫልዩን በሴትአትሪቢዩት ብትለውጡ መነሻውን ትለውጣላችሁ እንጂ የሚታየው አይለወጥም፤ ለቼክድም ያው ነው። ሪድኦንሊና ዲስኤብልድ ደግሞ መኖራቸው ብቻ ነው የሚታየው፤ ዋጋቸውን "ፎልስ" ብላችሁ ብትጽፉም ሳጥኑ እንደ ተቆለፈ ይቀራል። ለእነዚህ ሁለት "ቶግልአትሪቢዩት" የሚባል ፋንክሽን አለ፤ የኤችቲኤምኤሉን ስም በትንንሽ ፊደል ይወስዳል፣ ሁለተኛው ላይ ትሩ ስትሉት ያስገባዋል፣ ፎልስ ስትሉት ያወጣዋል። የጤፉ ቅጽ ላይ የምጠቀመው እሱን ነው።